የጥር አምስት ዳቦ

ባለቤቴ ጥር 5 ቀን እህል አይቀምስም ነበር። በገናና በጥምቀት መካከል፣ ሰው ሁሉ ጠላ ጠምቆ፣ ዶሮ አርዶ እርስ በርሱ በሚጠራራበት ሰሞን፣ እሱ ሳይነጋ ተነሥቶ በጆንያ ዳቦ ያስሞላና ሳሪስ አቦ ደጅ ይሄዳል። ዳቦውን ከመስጠቱ በፊት እያንዳንዱን ነዳይ ስሙን ከነአባቱ ይጠይቃል። ስሙን መናገር ያልፈለገ ሰው ዳቦውን አያጣም፤ ባለቤቴ ግን ከፊቱ ቁጢጥ ብሎ ስሙን እስኪነግረው ይለምነዋል። ቤት ከተመለሰ በኋላም እስኪመሽ ከእኔም ከልጆቹም ጋር እምብዛም አይነጋገርም።

ስጠይቀው «ስእለት ነው» ይለኛል። ስእለት ያለበትን ሰው ደግሞ አይጨቀጭቁትም። ጥያቄው ግን ከልቤ አልወጣም። አቦን የሚዘክር ሰው ጥቅምት 5ን ወይም መጋቢት 5ን ያከብራል። እሱ እነዚያን ቀናት እንደማንኛውም ቀን ነበር የሚያልፋቸው። ከዓመቱ አምስቶች ሁሉ ጥርን ብቻ ለምን መረጠ?

ሌላም ልማድ ነበረው። ልጆቻችን ለክረምት ወደ አያታቸው ሲሄዱ የሹራባቸውን አንገት ገልብጦ ስማቸውን ከነአያታቸው፣ ቀበሌያችንንና የቤት ቁጥራችንን ይጽፍበታል። ሲረጥብ ሐምራዊ የሚሆን እርሳስ ነበረው፤ ጫፉን ምላሱ ላይ ነካ እያደረገ፣ ፊደሉን ሳያጣብቅ፣ ቀስ ብሎ ነው የሚጽፈው። ትልቋ ልጃችን ዩኒቨርሲቲ ስትገባ እንኳ አልቀረላትም። ተቆጣች፣ አለቀሰች፤ እሱ ግን ጃኬቷን ይዞ ጽፎ ጨረሰ።

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ ከምድር ባቡር ሥራው ያመጣውን የቆርቆሮ ሳጥን ከፈትኩ። የሥራ ካፖርቱ ታጥፎ ተቀምጧል። የውስጥ ኪሱ ውስጥ እጥፋቱ ሊቀደድ የደረሰ ወረቀት አገኘሁ። ፊቱ የታተመ የዕቃ መረካከቢያ ቅጽ ነው፤ ጀርባው በዚያው በሐምራዊ እርሳስ የተጻፈ የባለቤቴ እጅ ጽሑፍ። አናቱ ላይ 5/5/77 ይላል። ከዚያ በታች ሃያ ሦስት መስመሮች አሉ፤ የሰው ስም ግን የለባቸውም።

«ቀይ ሻሽ ያሰሩ ሴት፣ ግራ እጃቸው ላይ ሁለት የብር አምባር።» «ሽማግሌ፣ ሽርጥ የለበሱ፣ በእጃቸው መቁጠሪያ።» «ሁለት ወንዶች ልጆች፣ አንድ ዓይነት ሹራብ፣ ወንድማማች ይመስላሉ፤ ታናሹ ጫማ የለውም።» ከመስመሮቹ ሰባቱ ተሰርዘዋል።

አምስተኛው ወር ጥር ነው። የእኔ ዘመን ሰው ደግሞ ጥር 5 ቀን 1977 ምን እንደሆነ ያስታውሳል። ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ ይጓዝ የነበረው የመንገደኞች ባቡር አዋሽ አጠገብ፣ ጥምዝ ድልድይ ላይ ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል የገባበት ቀን ነው። ከ400 በላይ ሰው አለቀ። እስከ ዛሬ በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ ከከፉት አንዱ ነው። ነጂው ጥምዙ ላይ ፍጥነት አልቀነሰም ተብሎ ታሰረ። እኔ ያኔ ናዝሬት ተማሪ ነበርኩ። ባቡሩን ሲጠብቁ የነበሩ ሰዎች ከጣቢያው አንሄድም ብለው እዚያው ማደራቸውን አስታውሳለሁ። ዘመኑ የድርቁ ዘመን ነበር፤ ሬዲዮው የሚያወራው የሞት ወሬ ብዙ ስለነበር ይህኛውም ከሌላው ጋር ተደራርቦ አለፈ። ከባለቤቴ ጋር የተጋባነው ከዚያ በኋላ፣ በ1981 ነው። ድሬዳዋ ተወልዶ እዚያው ወርክሾፕ መሥራቱን አውቃለሁ። ስለ አዋሽ ግን አንድ ቀን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።

ወረቀቱን ፕላስቲክ ውስጥ ከትቼ ከፉሪ ለቡ በአዲሱ ባቡር ወደ ድሬዳዋ ተሳፈርኩ። አዲሱ መስመር በ2009 መስከረም ነው የተመረቀው፤ ባለቤቴ አንድም ቀን አልሄደበትም። አዋሽ ስንደርስ በመስኮት ብመለከትም ከሚሮጥ ባቡር ላይ ሆኖ ገደል ከገደል መለየት አይቻልም።

ድሬዳዋን የወለዳት ባቡሩ ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 እዚያ ሲደርስ ከተማ አልነበረም። አዲስ አበባ ለመግባት እስከ 1909 ፈጀበት፤ መስመሩ በጠቅላላ ከ780 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። የከዚራ ጥላማ መንገዶች፣ ጣቢያው፣ ከጀርባው ያለው ሰፊ ወርክሾፕ፣ ሁሉም ከዚያው የመጣ ነው። ጣቢያው በር ላይ የባለቤቴን ስምና የሠራበትን ዘመን ስናገር ዘበኛው ብዙም ሳይቆይ አንድ ጡረተኛ ሐጂ መጋላ እንደሚኖሩ ነገረኝ። በስልክ ሳገኛቸው «ከምሳ በፊት ነይ፤ ከምሳ በኋላ በርጫ ነው» አሉኝ። እንደ ድሬ ሰው ወግ ገና ሳያዩኝ «አንቺ» ብለው ዘመድ አደረጉኝ።

ወረቀቱን ስዘረጋው ሐጂ መነጽራቸውን አላደረጉም። ሳያነቡት አወቁት።

«አላስቀመጠውም ወይ! ከወርክሾፕ እኛን ወጣቶቹን ነው የሰበሰቡን» አሉ። «እሱ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ፉርጎ እናነሣለን ብለን ሄደን ሰው ነው ያነሣነው። ቤተሰብ የመጣለት ተወሰደ። ያልመጣለትን ባልሽ ከሥር ከሥር እየተከተለ ይጽፋል። በኪሱ የነበረው ወረቀት ያ የዕቃ ቅጽ ነው። ምን ታደርግበታለህ ብለው፣ ‹ኋላ ቤተሰባቸው መጥቶ ሲጠይቅ ምን እንለዋለን?› አለኝ።»

«የተሰረዙትስ ሐጂ?»

«የተገኙት ናቸው። ከዚያ በኋላ ባቡር በገባ ቁጥር ወረቀቱን ይዞ ጣቢያው ላይ ይቆማል። ከኤረር የመጣውን፣ ከአፍደም የመጣውን፣ ከሚኤሶ የመጣውን ሁሉ ይጠይቃል። ባለ ቀይ ሻሿን ያጣ አለ? ባለ መቁጠሪያውን የሚያውቅ አለ? ሰው መጀመሪያ እብድ መሰለው። በኋላ ግን አንዲት እናት መጥታ ልጇን በቀበቶው አወቀችው። ያን ቀን መስመሩን ሲሰርዝ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከሰባቱ በኋላ ማንም አልመጣም። አዲስ አበባ አዛውሩኝ ብሎ የሄደው ያኔ ነው።»

ዝም ብዬ ስሰማ የልጄ ጃኬት ፊቴ ድቅን አለ። ሐጂ ልብሱ ላይ ስሙ የተጻፈ አንድ ሰው ቢገኝ ኖሮ ባሌ ስንት ሌሊት በተኛ ነበር አሉ። ሃያ ምናምን ዓመት አብሬው ስኖር አንዱን መስመር እንኳ ሊያካፍለኝ ይችል ነበር እላለሁ፤ እሸከምለት ነበር። ቤታችን ውስጥ እንዳይገባ የከለከለው እኔን ሳይሆን ያንን ገደል መሆኑንም አምናለሁ። እንዲህ ያለ ሰው ነው ያገባሁት። ብዙ ሰው ደግ ባል ነበረሽ ይለኛል። ደግነቱ ግን ለእኛ ብቻ እንዳልነበረ፣ ከእኛ በፊት ዘመድ ላጡ ሰዎች ዘመድ ሆኖ እንደነበር ማወቅ ሌላ ነገር ነው። ከሞተ በኋላ እንደገና የወደድኩት ያን ቀን፣ ሐጂ ቤት ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብዬ ነው።

ሐጂ ዓርብ ከሶላት በኋላ ከቀሩት ጥቂት ባልደረቦቻቸው ጋር ለሟቾቹ ዱዓ አደረጉ፤ ለባለቤቴም ጨመሩለት። አዲስ አበባ ተመልሼ ለንስሐ አባታችን ወረቀቱን ሳሳያቸው ለረጅም ጊዜ አነበቡት። «ለሙት ዓመቱ የእሱን ክርስትና ስም እጠራለሁ፤ የእነዚህን ደግሞ ምልክታቸውን ጻፊልኝ» አሉኝ። ጻፍኩላቸው። ባለፈው ጥር 5 ዳቦውን ከልጆቼ ጋር ይዘን ወረድን። ስም የጠየቀችው ትልቋ ልጄ ናት።

አሥራ ስድስቱ መስመሮች አሁንም አልተሰረዙም። ሁለቱ ወንድማማቾች አሉበት። የብር አምባር ያደረጉት ሴት፣ መቁጠሪያ የያዙት ሽማግሌም እንደዚሁ። ከእነሱ ሌላ፣ ባለቤቴ እንደጻፈው፦ «ወጣት ሴት፣ አረንጓዴ ቀሚስ፣ አንገቷ ላይ ክታብ።» «ረጅም ሰው፣ የወታደር ጫማ፣ የግራ እጁ ትንሽ ጣት የለም።» «ሕፃን፣ ሦስት ዓመት ግድም፣ ነጭ የተሠራ ኮፍያ፤ እናቷ የትኛዋ እንደሆነች አልታወቀም።» «አሮጊት፣ ጉያቸው ውስጥ በነጠላ የታሰረ የቡና ፍሬ።»

በ1977 ጥር ከድሬዳዋ ወይም በመንገዱ ካሉት ጣቢያዎች ተሳፍሮ ያልተመለሰ ዘመድ ያለው ሰው ከእነዚህ አንዱን ካወቀ በዚህ መጽሔት በኩል ይጻፍልኝ። እርሳሱም አለ፤ ስማቸውን ከነአባታቸው ላኩልኝ።