ሳይበላሽ የሚጣለው ማውስ

በከተማችን ጽሕፈት ቤቶችና ቢሮዎች "ተበላሽቷል" ተብሎ መሳቢያ ውስጥ የተወረወረ ገመድ አልባ ማውስ ሞልቷል። አብዛኛው አልተበላሸም። ይህን የምለው ለማጋነን አይደለም፤ እጄ ላይ ከገቡት መካከል የምሩን የሞተ ማግኘት ብርቅ ስለሆነብኝ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። ደህናውን ጥሎ ሌላ መግዛት ያንገበግበኛል።

የፈልሳፊው የዳግላስ ኤንግልባርት የመጀመሪያው ማውስ ገላው ከእንጨት ነበር፤ ገመድም ነበረው። ገመድ ያለው ነገር ሲታመም እጃችን ገመዱን ይከተላል፤ የተቆረጠበትን፣ የላላበትን እንዳስሳለን። ገመዱ ሲቀር ግን የምንዳስሰው አጣን። ያን ጊዜ "ተበላሽቷል" ማለት ይቀናናል።

ከሁሉ በፊት ጠረጴዛውን እዩ። የእኛ አገር የቢሮ ጠረጴዛ መስታወት ይለብሳል፤ ከሥሩ ካላንደር፣ ጉርድ ፎቶ፣ ስልክ ቁጥር የተጻፈባት ብጣሽ ወረቀት አይጠፋም። ማውስ ደግሞ ከሆዱ በሚወጣው ብርሃን የተቀመጠበትን ገጽ በሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ እያነሳ፣ አንዱን ምስል ከቀጣዩ እያስተያየ ነው ወዴት እንደሄደ የሚያውቀው። ንጹሕ መስታወት ላይ የሚይዘው ነገር ያጣል። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ቀስቱ እየዘለለ አስመርሯቸው አዲስ ሊገዙ ሲነሡ፣ "ጋሼ፣ እስቲ ያንን ደብተር ያቀብሉኝ" አልኋቸው። ደብተሩን ከማውሱ ሥር ባደርግላቸው ቀስቱ እጃቸውን ተከትሎ ሄደ።

"ይኸው ነው?"

"ይኸው ነው ጋሼ።"

ቀጥሎ ገልብጡት። ከሆዱ ላይ ማብሪያ ማጥፊያ አለው፤ ቦርሳ ውስጥ ሲንገላታ ይጠፋል። የባትሪውን ክዳን ክፈቱ። አብዛኛው የሚፈልገው የግድግዳ ሰዓት ባትሪ ወይም የሪሞት ባትሪ ነው። ርካሹ ባትሪ ቶሎ ከማለቁም በላይ ሲቆይ ያፈሳል፤ ብረቱ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ነገር ካያችሁ በእርሳስ ላጲስ ፈቅፍቁት። ደባርቅና ዳባት ያላችሁ ደግሞ ብርድ ባትሪን እንደሚያደክም አስቡ። ክዳኑን ከከፈታችሁ አይቀር ውስጡን ደኅና አድርጋችሁ ፈትሹ፤ ፍላሽ የምትመስለዋ፣ ኮምፒውተሩ ላይ የምትሰካዋ ትንሽ ሪሲቨር ብዙ ጊዜ የምትሸጎጠው እዚያ ነው። "ሪሲቨር አብሮ አልመጣም" የተባለለት ማውስ ሆድ ውስጥ ተቀምጣ አግኝቻታለሁ።

ሪሲቨሯ በእርግጥ ከጠፋች ነገሩ ይከብዳል። የሌላ ማውስ ሪሲቨር እንዲሁ አይገጥምም፤ ሁለቱ ፋብሪካ ላይ የተጋቡ ናቸው። ዩኒፋይንግ የሚባለው የሎጂቴክ ዓይነት ግን ከሌላ ዩኒፋይንግ ሪሲቨር ጋር እንደገና ሊጋባ ይችላል።

ኮምፒውተሩ ከጠረጴዛ ሥር፣ ሪሲቨሯ ከኋላው ከሆነች ማውሱ ይንቀረፈፋል። አጠገቧ የዩኤስቢ 3 ፍላሽ ወይም ሃርድ ዲስክ ከተሰካ ደግሞ ይብሳል፤ ዩኤስቢ 3 ማውሱ በሚነጋገርበት በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ረብሻ እንደሚፈጥር ኢንቴል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2012 ጽፏል። ሪሲቨሯን ወደ ፊት ማምጣት ወይም በአጭር የዩኤስቢ ማራዘሚያ ጠረጴዛ ላይ ማውጣት ይበቃል።

ሌላም መታወቅ ያለበት አለ። ማውስ ኢንተርኔት አይፈልግም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በአማራ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ "ድራይቨር ማውረድ ስላልቻልን ነው" ሲባል እሰማ ነበር። ተራ ማውስን ዊንዶውስም አንድሮይድም ያለ ምንም ማውረድ ያውቁታል። ሪሲቨር የማይፈልገው የብሉቱዝ ማውስ ከሆነ መብራቱ ብልጭ ብልጭ እስኪል የማጋቢያውን ቁልፍ ተጭኖ መቆየት፣ ከዚያ ከብሉቱዝ ዝርዝር መምረጥ ነው። እምቢ ካለ የድሮውን ስም ከዝርዝሩ አጥፍቶ እንደ አዲስ ማጋባት። አንዳንዱ የብሉቱዝ ማውስ አንድ መሣሪያ ብቻ ስለሚያስታውስ፣ ከታብሌት ጋር ስታጋቡት ላፕቶፑን ይረሳል።

ከአሜሪካ አይፓድ የተላከላችሁ ደግሞ ማውስ ከመግዛታችሁ በፊት ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የሲስተሙን ቁጥር እዩ። አይፓድ ማውስን በደንብ የተቀበለው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 በወጣው 13.4 ነው። የመጀመሪያው አይፓድ ኤር እና አይፓድ ሚኒ 2 እና 3 ከ12 አያልፉም፤ ለእነሱ ማውስ መግዛት ብር መጣል ነው።

አሁን በጣም ወደምጨነቅበት ልምጣ። ስክሪኑ ተሰንጥቆ ጣት የማይሰማ ታብሌት ያለው ሰው ጥገና ቤት ሲሄድ "ስክሪን ይቀየር" ይባላል፤ ዋጋውን ሰምቶ ታብሌቱን በፌስታል ጠቅልሎ ይመለሳል። በውስጡ የልጅ ክርስትና ፎቶ፣ የተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ከገጠር ጤና ኬላ የመጣ ከሆነም የቤተሰቦች መዝገብ ሊኖር ይችላል። ምስሉ እየታየ ጣት ብቻ ከሆነ የማይሰማው፣ አብዛኛው አንድሮይድ ታብሌት ማውስ ይሰማል። ኦቲጂ የሚባለውን አጭር ገመድ ግዙ፤ በእሱ ላይ ሪሲቨር ያለውን ማውስ ስትሰኩ ቀስት ብቅ ይላል። የብሉቱዙ አይሆንም፤ ለማጋባት ስክሪኑን መንካት ይጠይቃልና። በብዙ የኦፖ፣ የሪልሚና የቪቮ ሞዴሎች ኦቲጂ አስቀድሞ ከሴቲንግ መከፈት አለበት፤ ከስክሪኑ አንድ ጥግ እንኳ የሚሠራ ከተረፈ መሣሪያውን አግድም እያዞሩ የኦቲጂውን ማብሪያ እዚያ ቦታ ላይ ለማምጣት መሞከር ይቻላል። ስክሪኑ ጨርሶ ከጠቆረ ግን ማውስ ብቻውን አያድንም።

ከመጀመራችሁ በፊት የታብሌቱን ባትሪ ሙሉ። አብዛኛው ታብሌት መሰኪያው አንድ ነው፤ ማውስ ተሰክቶ ቻርጅ አይደረግም። ፓተርኑን በማውስ ጎትታችሁ ከከፈታችሁ በኋላ ሌላ ነገር አትነካኩ። ሜሞሪ ካርድ ካለ ፎቶዎቹን ወደዚያ ገልብጡ፤ ከሌለም በብሉቱዝ ወደ ሌላ ስልክ ላኩ። ስንጥቁ እየሰፋ ሊሄድ ስለሚችል ዛሬ የሚታየው ምስል ነገ ላይታይ ይችላል።