ራስን ስለ መጻፍ

ሰው ስለ ባልንጀራው ሲጽፍ ብዕሩ ይፈጥናል፤ ስለ ራሱ ሲጽፍ ግን እጁ ይከብደዋል። ቢያበዛ ትዕቢት፣ ቢያሳንስ ውርደት ይመስለዋልና።

በጎጃም ቅኔ ተምሮ፣ ኋላም ዘመናዊውን ትምህርት ተከታትሎ፣ በአዲስ አበባ ኮሌጅ የገባ አንድ ወጣት ነበረ። በክረምት ወራት ሥራ ሊለማመድ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ቢሄድ፣ «ሲቪህን ጽፈህ አምጣ» አሉት። ይህም ቃል ኩሪኩሉም ቪቴ ከሚለው ከላቲን ስም አጥሮ የመጣ ነው፤ ትርጓሜውም የሕይወት ሩጫ ማለት ነው።

ወጣቱም የጓደኛውን ወረቀት ከፊቱ አኑሮ፣ ሌሊቱን በእንግሊዝኛ ጻፈ። «የመሪነት ችሎታ ያለው፣ እንግሊዝኛ አቀላጥፎ የሚናገር» አለ። ማንንም መርቶ አያውቅም፤ እንግሊዝኛውንም ገና እየተንተባተበ ይናገረዋል። ደግሞም በቅኔ መምህሩ እግር ሥር የተቀመጠባቸውን አምስት ዓመታት ዘለላቸው። የምስክር ወረቀት አልነበረውምና፤ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ማለቱ እንዳይታወቅበትም አፍሮ ነበርና።

በዚያው ሰሞን መምህሩ ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ መጥተው ነበር። ሊጠይቃቸው በሄደ ጊዜ ወረቀቱን ወደ አማርኛ እየመለሰ አነበበላቸው። እስከ ፍጻሜው ሰምተው፣

«ልጄ፣ ይህ ሰው ማን ነው?» አሉት።

«እኔ ነኝ፣ የኔታ።»

«እኔ የማውቀው ልጅ በዚህ ውስጥ የለም። የሌለህን ጨመርህ፤ ያለህን ቀበርህ። ሁለቱም ሐሰት ነው።»

ቀጥለውም የቅኔ ቤቱን ሥርዓት አሳሰቡት። ጀማሪ የሚነሣው ሁለት ቤት ብቻ ካለው ከጉባኤ ቃና ነው፤ ከዚያም ወደ ሦስት ቤቱ ወደ ዘአምላኪየ ይሻገራል፤ ስምንት ቤት ካለው ከመወድስ የሚደርሰው ብዙ ደክሞ ነው። የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ለነገራ የቀረበ እንደ ሆነ በመምህሩ ፊት ያፍራል። ጉባኤ ቃናው የቀና ተማሪ ግን ስለ ማጠሩ አይነቀፍም።

ወጣቱም ተመልሶ እንደ ገና ጻፈ። «መሪነት» ያለውን ሰርዞ፣ የታናናሾቹን ተማሪዎች ቅኔ እየሰማ ያርም እንደ ነበረ አኖረ። እንግሊዝኛ ማንበብና መጻፍ እንደሚችል፣ ንግግሩን ግን ገና እየተለማመደ እንደ ሆነ ገለጠ። አምስቱንም ዓመታት ከነቦታቸው መዘገባቸው። ወረቀቱ ግማሽ ገጽ እንኳ አልሞላም፤ ነገር ግን ከተጻፈው ሁሉ ስለ አንዱም ቢጠየቅ የሚፈራው ነገር አልነበረበትም።

ሐዋርያው ጳውሎስ ሩጫውን መጨረሱን ለጢሞቴዎስ የጻፈለት በዕድሜው ማብቂያ ነው። ተማሪ ግን ሩጫውን ገና መጀመሩ ነው። እንግዲህ የሮጠውን ያህል ሳያፍር ይጻፍ፤ ያልሮጠውንም ለሚመጣው ዘመን ይተወው።