ሦስት ዋጋ፣ አንድ ጣሪያ

በትዳር ውስጥ ባልና ሚስትን ከሚያወያዩ የገንዘብ ጉዳዮች መካከል የልጆች ትምህርት፣ የቤት ኪራይና የዘመድ እርዳታ ብዙ ጊዜ ይነሣሉ። የጣሪያ ነገር ግን እምብዛም አይነሣም። ጣሪያ ትዝ የሚለን ሲያፈስ ነው። ሲያፈስ ደግሞ ጊዜው ክረምት ነው፤ ጥሩ አናጢ ተይዟል፣ ኪሳችንም ለመስከረም የትምህርት ቤት ክፍያ እየተዘጋጀ ነው። በዚህ ምክንያት ብዙዎቻችን በዕድሜያችን ከምናወጣቸው ትልልቅ ወጪዎች አንዱን የምንወስነው በጥድፊያ ነው።

እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ከእናቱ በወረስነው የጭቃ ቤት ነው። ቆርቆሮው ከሠላሳ ዓመት በላይ አገልግሏል። ያለፈውን ክረምት በፕላስቲክና በሬንጅ እንደ ምንም ካሳለፍን በኋላ ጣሪያውን ሙሉ በሙሉ ለመቀየር ተስማማን። በእጃችን የነበረው የአራት ዓመት ቁጠባ ነው። የአገልጋይ ቤተሰብ ገቢ ምን እንደሚመስል ለአብዛኞቻችሁ መንገር አያስፈልገኝም። ገንዘቡ አንዴ ከወጣ አይደገምም፤ ሥራው ቢበላሽ ለሁለተኛ ጊዜ የሚሆን የለንም። ስለዚህ ከሦስት ባለሙያዎች ፕሮፎርማ ወሰድን። ከሦስቱ አንዱ በአጥቢያችን አብሮን የሚያመልክ ወንድም ነው።

የብሩን መጠን እዚህ አልጽፍም፤ የዕቃ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ ሊያሳስታችሁ ይችላል። ዝቅተኛውን ዋጋ 100 ብንለው ሁለተኛው 120፣ ሦስተኛው 145 ነበር። 100 ያለን ያ ወንድማችን ነው። ባለቤቴ ፊቱ በራ። «ይኸው፣ ጌታ መንገዱን ከፈተልን!» አለኝ። እኔም «አሜን፤ እስቲ ምን ምን እንደሚሠራልን አብረን እናንብበው» አልኩት። በዚያ ምሽት የተማርነውን ለሌሎች ባለ ትዳሮች ይጠቅም እንደሆነ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

ድምሩ ብቻውን አይናገርም

የወንድማችን ወረቀት አንድ መስመር ብቻ ነበረው፤ «የጣሪያ ቆርቆሮ መቀየር፣ የእጅ ዋጋን ጨምሮ» ይላል። ሁለተኛው ዘጠኝ፣ ሦስተኛው አሥራ አራት መስመር ነበራቸው። ቀስ ብለን ስናነብ የገባን ነገር ቢኖር ሦስቱ ሰዎች የሰጡን የአንድ ሥራ ሦስት ዋጋ ሳይሆን የሦስት የተለያዩ ሥራዎች ዋጋ መሆኑ ነው። የአንዱን ነጋዴ የጤፍ ዋጋ በኪሎ፣ የሌላውን በጣሳ ጠይቆ «የቱ ይረክሳል?» እንደ ማለት ነው።

ስለዚህ ከልጃችን ደብተር አንድ ገጽ ወስደን የራሳችንን ዝርዝር ጻፍን። ያንኑ ዝርዝር ለሦስቱም ሰጥተን በየመስመሩ ዋጋ እንዲሞሉልን ለመንናቸው። ዝርዝራችን ውስጥ የገቡት ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው።

ልኬት

ቤታችን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ 8 ሜትር በ10 ሜትር፣ ማለትም 80 ካሬ ሜትር ነው። ጣሪያው ግን 80 ካሬ አይደለም። ቆርቆሮው በአራቱም ጎን 60 ሳንቲ ሜትር ከግድግዳው አልፎ ይወጣል፤ በዚያ ላይ ጣሪያው ያዘመመ ነው። ባለቤቴ ሜትር ይዞ ሲለካ ከጫፉ እስከ ታችኛው ጠርዝ 4 ሜትር ከ87 ሆነ። ርዝመቱ 11 ሜትር ከ20 ነው። ሁለቱ ወገን ሲደመር 109 ካሬ ሜትር ያህል መጣ። ዋጋ የሚሰጣችሁ ሰው ጣሪያውን ሳይለካ የወለሉን ስፋት ብቻ ከጠየቃችሁ፣ ሥራው መሐል ሲደርስ «ዕቃው አነሰ» መባሉ አይቀርም።

የቆርቆሮው ቁጥርም እንዲሁ ነው። ወንድማችን 2 ሜትር ርዝመትና 90 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው ቆርቆሮ አስቦ «61 ይበቃል» ብሎን ነበር። 109ን ለ1.8 ስናካፍል በእርግጥ 61 ይመጣል። ነገር ግን ቆርቆሮ ጎን ለጎን ይደራረባል። ለመደራረቡ 10 ሳንቲ ሜትር ቢሄድ የሚሸፍነው ወርድ 80 ብቻ ስለሚሆን ለ11 ሜትር ከ20 አሥራ አራት ያስፈልጋል። ከላይ ወደ ታችም 15 ሳንቲ ሜትር ቢደረብ 4 ሜትር ከ87 የሚሸፈነው በሦስት ረድፍ ነው። 14 በ3፣ ለሁለት ወገን፣ 84 ይሆናል። ከሦስተኛው ረድፍ ደግሞ ከእያንዳንዱ ቆርቆሮ 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ተቆርጦ ይቀራል።

የቀሩት ሁለቱ ባለሙያዎች ያሰቡት በልክ ታዝዞ የሚቆረጥ ባለ 5 ሜትር የኢጋ ቆርቆሮ ነበር። የሚሸፍነው ወርድ ያው 80 ሳንቲ ሜትር በሆነው ለእያንዳንዱ ወገን 14፣ በድምሩ 28 ይበቃል። ለአንዱ የሚከፈለው ብር ከፍ ያለ ነው። ነገር ግን የሚባክነው ትንሽ ነው፤ ከላይ ወደ ታች መገጣጠሚያ ስለሌለውም ውኃ የሚሰርግበት ቦታ ይቀንሳል። ዝርዝራችን ላይ የጻፍነው ይህን ነው።

ውፍረት

በገበያ ላይ ቆርቆሮ በጌጅ ይጠራል፤ 28፣ 30፣ 32፣ 35 ይባላል። ብዙዎቻችን ቁጥሩ ሲበልጥ የተሻለ ይመስለናል። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ቆርቆሮው እየሳሳ ይሄዳል። ከዚህም ሌላ ጌጅ በየቦታው አንድ ዓይነት አይደለም። 30 ጌጅ በአንዱ የመለኪያ ሰንጠረዥ 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን በሌላው ወደ 0.4 ይጠጋል። ስለዚህ ውፍረቱን በሚሊ ሜትር አጽፉ፤ ዕቃው ሲመጣም ከመውረዱ በፊት አንዱን በማይክሮሜትር አስለኩ። ብረቱን ከዝገት የሚጠብቀው የዚንክ ቅቡ ስለሆነ እሱንም ጠይቁ፤ መጠኑ የሚነገረው በካሬ ሜትር ስንት ግራም ተብሎ ነው።

የማይታየው ወጪ

አሮጌው ቆርቆሮ ሳይነሣ ከሥሩ ያለው እንጨት ምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ካፕሪያታውን ምስጥ በልቶት ሊሆን ይችላል፤ ሞራሌውም በፍሳሽ በስብሶ ይሆናል። እዚህ ላይ አንድ ድምር መጠየቅ ለሁለቱም ወገን ጭንቀት ነው። እኛ የጠየቅነው «አንድ ሞራሌ ቢቀየር ከነእጅ ዋጋው ስንት ነው?» ብለን ነው። ያን ጊዜ ጣሪያው ሲከፈት አብረን እንቆጥራለን፤ ክርክር የለም።

ሌሎቹንም በየመስመራቸው ጻፍናቸው፦ አሮጌውን ማፍረስ፤ ባለ ጎማ ሚስማር ወይም ብሎን፤ የጣሪያውን ጫፍ የሚከድነው ቆርቆሮ፤ አሸንዳ፤ ትራንስፖርት፤ ጫኝና አውራጅ፤ ኮርኒሱ ቢጎዳ የሚጠግነው ማን እንደሆነ። አሮጌው ቆርቆሮ የማን እንደሚሆንም ጻፍን። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ቆራሌው በር ላይ ሲቆም ሠራተኛውም ባለቤቱም «የእኔ ነው» ሊሉ ይችላሉ።

ቫትን አትርሱ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው 15 በመቶ በአንዱ ድምር ውስጥ ገብቶ በሌላው ካልገባ ውድድሩ ሚዛኑን ይስታል። ፕሮፎርማው የሚጸናበትን ቀንም ተመልከቱ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከተወሰነ ወዲህ ነጋዴው ዋጋውን ለረጅም ጊዜ ይዞ መቆየት ይፈራል። ዛሬ የተቀበላችሁትን ከወር በኋላ ከሌላ ሰው ዋጋ ጋር ብታወዳድሩ ያወዳደራችሁት ሁለት ባለሙያዎችን ሳይሆን ሁለት ወራትን ነው። ሦስቱንም በአንድ ሳምንት ውስጥ ሰብስቡ።

ዝርዝሩ ሲሞላ

ወረቀቶቹ ተመልሰው ሲመጡ ሥዕሉ ተለወጠ። ሁለተኛው ባለሙያ አሸንዳና ትራንስፖርት ሲጨምር 120ው 126 ሆነ። ቫትም አልገባበትም ነበርና እሱ ሲታከል 145 ደረሰ። ሦስተኛው አስቀድሞ ሁሉንም አስገብቶ ስለነበር የጨመረው ፍርስራሹን ማንሻ ብቻ ነው፤ 147 ሆነ። ወንድማችን ረዥሙንና ወፍራሙን ቆርቆሮ፣ ሚስማሩን፣ አሸንዳውንና ማጓጓዣውን ሲያስገባ 100ው 134 ደረሰ። እሱ ለቫት የተመዘገበ አይደለም። በመጀመሪያ በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል የ25 ልዩነት ነበር፤ አሁን 2 ብቻ ቀረ። ወንድማችንም አሁንም ዝቅተኛው ነው፤ ልዩነቱ ግን ከ45 ወደ 13 ወርዷል። ከሁሉ በላይ፣ 100 ነው ብለን ጀምረን ቢሆን ኖሮ ቁጠባችን ጣሪያው ሳይከደን ያልቅ ነበር።

ወንድም ሲሠራልን

ባለቤቴን ያስጨነቀው ቁጥሩ አልነበረም። «እኔ ፓስተሩ ሆኜ አብሮኝ የሚጸልየውን ወንድም ዝርዝር አምጣ፣ ውል ፈርም ብለው ምን ይለኛል? አላመነኝም ይላል» አለኝ። ብዙዎቻችን ይህን ጭንቀት እናውቀዋለን። እኔ ግን በዚህ ጉዳይ ሐሳቤ ጽኑ ነበር። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ጌታ ስለ ደቀ መዝሙርነት ዋጋ ሲያስተምር ያነሣው ግንብ ለመሥራት ያሰበን ሰው ነው። ትምህርቱ ስለ ቤት ሥራ አይደለም፤ ሆኖም ተቀምጦ ወጪን መቁጠር በጌታ ዘንድ እንደ እምነት ማነስ አልተቆጠረም።

ባለቤቴ ሄዶ በቀጥታ ነገረው። የወንድማችን መልስ አስገረመን። «ፓስተር፣ እግዚአብሔር ይስጥዎት። የቤተ ክርስቲያን ሰው እንዲህ ጠይቆኝ አያውቅም። ሁሉም አንተ ታውቃለህ ይሉኛል፤ ዕቃ ሲያልቅ ጨምሩ ለማለት አፍሬ ከኪሴ እሞላለሁ፤ ከዚያም በእሑድ ፊታቸውን ማየት ይከብደኛል» አለው። ለካ ያ አንድ መስመር ወረቀት የሚጎዳው እኛን ብቻ አልነበረም። ያልተጻፈ ስምምነት ሲፈርስ አንዱ ገንዘብ ሲያጣ ሌላው ወዳጅ ያጣል፤ ብዙ ጊዜም ሁለቱም ሁለቱንም ያጣሉ።

ሥራውን የሰጠነው ለእሱ ነው። ውሉ አንድ ገጽ ተኩል ነበር፤ እኔና ባለቤቴ ሁለታችንም ፈርመናል። ቆርቆሮውን እኛው ከመደብር በደረሰኝ ገዛን፤ ለእሱ የእጅ ዋጋውንና የቀረውን ዕቃ በአራት ከፍለን ሰጠነው፦ በመጀመሪያ ቀብድ፣ አሮጌው ተነሥቶ እንጨቱ ሲስተካከል፣ ቆርቆሮው ሲለብስ፣ የመጨረሻው ደግሞ ጣሪያው ውኃ ካየ በኋላ። ሥራው በኅዳር ስለነበር ዝናብ አልጠበቅንም፤ በጎማ ውኃ ለቀን ሁለት ቦታ ሲያንጠባጥብ አገኘነው። ሳይቆጣ ወጥቶ አስተካከለው። ከተከፈተው እንጨት ውስጥ አሥራ አንድ ሞራሌ ተቀየረ፤ ዋጋው ቀድሞ ስለተጻፈ ማንም ድምፁን ከፍ አላደረገም።

ለባለ ትዳሮች

ጣሪያችሁ እያረጀ ከሆነ ክረምቱን አትጠብቁ፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ለዚህ ሥራ አመቺ ነው። በቅድሚያ ጣሪያውን ራሳችሁ ለኩ። ለእድሳት ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ ወረዳችሁን ጠይቁ። ዝርዝሩን ባልና ሚስት አብራችሁ ጻፉ፤ አንዱ ስለ ዋጋው ሲያስብ ሌላው ስለ ሥራው ጥራት ማሰቡ አይቀርምና ሁለቱም ወረቀቱ ላይ ይግቡ። ዝቅተኛው ዋጋ ልባችሁን ሲያሞቀው ያልተጻፈውን ፈልጉ። የምታምኑትን ሰው ካገኛችሁ ደግሞ ስለምታምኑት ጻፉለት፤ ከሥራው በኋላም አብራችሁ ለመጸለይ ትፈልጋላችሁና።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።