አሸዋው ሲነሣ

አባትየው የሌሊት ፈረቃ ስለሚሠራ ከልጁ ጋር ፊልም የሚያየው እሑድ ከሰዓት ብቻ ነው። በተራ ይመርጣሉ። አንድ እሑድ ተራው የእሱ ሆነና «ስፓይደርማን 3» አለ። የ15 ዓመቷ ልጅ ከሶፋው ልትወድቅ እስክትደርስ ሳቀች። ፊልሙን አይታው አታውቅም፤ የምታውቀው ከስልክ ስልክ የሚዘዋወረውን ቅንጭብ ብቻ ነው። ቶቢ ማጓየር ፀጉሩን ግንባሩ ላይ ደፍቶ፣ ጥቁር ልብስ ለብሶ፣ በኒው ዮርክ ጎዳና ላይ እየተወዛወዘ አላፊ አግዳሚዋን ሴት ሁሉ በጣቱ ይጠቁማል።

«አባዬ፣ የምርህን ይሄን ነው የምትወደው?»

ይወደዋል። ለምን እንደሚወደው ግን እስከዚያ ቀን ማንም ጠይቆት ስለማያውቅ የተዘጋጀ መልስ አልነበረውም።

ከሳሾቹ ብዙ ናቸው፤ ክሳቸውም በአብዛኛው ትክክል ነው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በሜይ 2007 አሜሪካ ውስጥ ሲከፈት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት 151 ሚሊዮን ዶላር ሰብስቦ የዚያን ጊዜ ክብረ ወሰን ሰበረ፤ በዓለም ዙሪያ ደግሞ ከ890 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ገንዘቡ ግን ከሐያስያን ብዕር አላስጣለውም። ሮጀር ኤበርት ለሁለተኛው «ስፓይደርማን» አራት ኮከብ ሰጥቶ ሲያበቃ ለዚህኛው ሁለት ብቻ ወረወረለት። እንዴትስ አይወረውር? ሦስት ባላንጣዎች አንድ ፊልም ውስጥ ታጭቀዋል። ከህዋ የመጣው ጥቁር ነገር ያን ሁሉ ሰማይ አቋርጦ የሚያርፈው፣ አጋጣሚ ሆኖ፣ ፒተር ፓርከርና ሜሪ ጄን ጋደም ብለው ኮከብ ከሚቆጥሩበት ጥግ ነው። ሃሪ ጭንቅላቱን ተመትቶ ጠላትነቱን ይረሳል፤ ታሪኩ ሲፈልገው ደግሞ ያስታውሳል። የሃሪ ቤት አሳላፊ አባትየውን የገደለው የራሱ መሣሪያ እንደሆነ ሲያውቅ ኖሮ ሊያልቅ ሲል ይናገራል። ሽማግሌው አፉን ቀደም ብሎ ቢከፍት ግማሹ ፊልም ባላስፈለገ ነበር። ቬኖምም የገባው ዳይሬክተሩ ሳም ሬሚ ወድዶት ሳይሆን በፕሮዲውሰር ውትወታ ነው፤ ሬሚ ራሱ ከዓመታት በኋላ በሁሉም ገጸ ባሕርያት አምኖ እንዳልሠራ በአደባባይ ተናግሯል።

ልጅቷ ይህንን ሁሉ ከስልኳ እያነበበች ስታሰማው አባትየው በየመሃሉ «ልክ ነው» ይላል። ያን ነው ልትረዳው ያልቻለችው።

እሱ ፊልሙን መጀመሪያ ያየው አዲስ አበባ፣ ሚሊኒየሙ ሊገባ ጥቂት ሳምንታት በቀሩት ክረምት፣ የሰፈር ቪዲዮ ቤት ውስጥ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ አግዳሚው ላይ ሰዉ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቋል። ዲቪዲው ከሲኒማ ቤት በድብቅ በካሜራ የተቀዳ ነበር፤ የማያውቁት ሰው ጭንቅላት ከሥር ብቅ እያለ ይጋርዳል፣ ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። ጥርት ቢልም ኖሮ እንግሊዝኛው ለአብዛኛው ተመልካች አይገባም ነበር። ስለዚህ አንድ «እችላለሁ» ባይ ጎረምሳ ፊት ተቀምጦ፣ ግማሹን እየሰማ ግማሹን እየፈጠረ ይተረጉማል።

ከዚያ ፍሊንት ማርኮ ጉድጓድ ውስጥ ወደቀ፤ ተርጓሚውም ዝም አለ። የሚተረጎም ነገር አልነበረማ።

ማርኮ ከእስር ቤት ያመለጠ ሌባ ነው። ፖሊስ ሲያባርረው አጥር ዘልሎ የሳይንስ ሙከራ የሚደረግበት የአሸዋ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፤ ሰውነቱም ከአሸዋው ጋር ተደባልቆ ይበተናል። ሲነጋ የሚታየው ክምር ብቻ ነው። ቅንጣቶቹ ቀስ ብለው መንከባለል ይጀምራሉ። ትከሻ የሚመስል ነገር ይነሣል፣ ይናዳል፣ ደግሞ ይነሣል። አጠገቡ የታመመች ልጁ ፎቶ ያለበት የአንገት ጌጥ ወድቋል። ሊያነሣው እጁን ይዘረጋል፤ ጣቶቹ ጌጡን ሲነኩ ይፈራርሳሉ። ፎቶውን ያያል። ከዚያ እንደ ሸክም ተሸካሚ እያቃሰተ ራሱን ከመሬት ያነሣል።

ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ይሆናል፤ አንድ ቃል የለበትም፣ የክሪስቶፈር ያንግ ሙዚቃ ብቻ ነው። አሸዋው የኮምፒውተር ሥራ ነው፤ ባለሙያዎቹ ለእሱ ብለው አዲስ ሶፍትዌር መጻፍ ነበረባቸው። ተዋናዩ ቶማስ ሄደን ቸርች አሸዋ በሚለብስባቸው ሌሎች ቀረጻዎች ደግሞ ለደኅንነቱ ሲባል የተፈጨ የበቆሎ ቆረቆንዳ ተጠቅመዋል። (ቆረቆንዳ ለማገዶ እንጂ ለሆሊውድ ይሆናል ብሎ ማን ያስባል?) ፊልሙን ካብጠለጠሉት ውስጥ እንኳን ይህን ትዕይንት ያመሰገኑ አሉ። ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ ግን የተመሰገነና የተነቀፈ ብሎ የሚለይ አልነበረም። ሰዉ አባት መሆኑን አየ፤ እጁ እንደማይይዝለት አየ፤ አለቀ።

መጨረሻው ላይ ማርኮ አይሸነፍም። ፒተር ፊት ቆሞ የፒተርን አጎት እንዴት እንደገደለ ይናገራል፤ ልጁ እየሞተችበት ገንዘብ ፍለጋ እንደወጣ፣ ሽጉጡ ሳያስበው እንደባረቀ። ፒተር ይመልስለታል፤ ሰውየውም አቧራ ሆኖ በነፋስ ይሄዳል። ያን ቀን ጎረምሳው የፒተርን መልስ «ሁለተኛ ዓይኔ እንዳያይህ!» ብሎ ተረጎመው። ቪዲዮ ቤቱ አጉረመረመ፤ ሳይመታው ለቀቀው ተብሎ ገንዘብ ይመለስልን ያለም ነበር።

አባትየው ትክክለኛውን ቃል የሰማው ከዓመታት በኋላ፣ አሜሪካ፣ ጥርት ባለ ቅጂ ነው። ፒተር ያለው «ይቅር ብዬሃለሁ» ነበር። ሶፋው ላይ ብቻውን ነበር፤ ወደ ኋላ መልሶ ሁለት ጊዜ ሰማው። ያን ሁሉ ዓመት ፒተር ማርኮን ያባረረው ይመስለው ነበር።

ሐያስያኑ ታሪኩ በጣም በዝቶበታል ሲሉ አልተሳሳቱም። ነገር ግን የጀግና ፊልም ገዳዩን በይቅርታ የሚሸኝበት ጊዜ ስንት ነው? የመጀመሪያው ፊልም ስፓይደርማን በድሩ ከፎቅ ፎቅ ሲወረወር ያልቃል፤ ይህኛው የሚያልቀው ሁለት የተጎዳዱ ሰዎች አንድ ክለብ ውስጥ ተቃቅፈው ቀስ ብለው ሲደንሱ ነው። ከተበላሸ ፊልም ይህን ያህል ማትረፍ ትንሽ አይደለም።

እሑድ ዕለት ልጅቷ አሸዋው ጋ ስትደርስ ስልኳን ሶፋው ላይ ደፍታ አየች። ምንም አላለችም፤ እሱም አልጠየቃትም። ጭፈራው ሲመጣ ግን ሳቋን ለቀቀችው፤ አባትየውም አብሯት ሳቀ። በሙሉ ፊልሙ ውስጥ ሲታይ የሚያልፉት ሴቶች ፊታቸውን ሲያኮሳትሩበት ይታያል። ሬሚ የሚስቀው በፒተር ላይ ነው፤ አንድ ዓይናፋር ልጅ «አሪፍ ሰው እንዲህ ነው» ብሎ ሲያስብ የሚሆነው እንዲያ ነውና።

«እኔም እንዲህ ሆኜ አውቃለሁ» አላት።

«መቼ?»

«አያትሽ ቤት ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶዬን አላየሽም?»

አይታዋለች። አሜሪካ በገባ በመጀመሪያው ክረምት የተነሣው ነው፤ ጥቁር ሌዘር ጃኬት፣ በጄል የተለጠፈ ፀጉር፣ የማን እንደሆነ የማያውቀው ቢኤምደብሊው ላይ ተደግፎ፣ አንድ ቅንድቡን ከፍ አድርጎ። እናቱ አስልማ አስፍታ ሳሎን ሰቅላዋለች።

ማክሰኞ ሌሊት፣ የፓርኪንጉ ዳስ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ልጅቷ ያንን ፎቶ ከአያቷ አስልካ ከፒተር ፓርከር ጎን ለጎን ለጥፋዋለች። ሥሩ ላይ የጻፈችው በተሰባበረ አማርኛ ነው፦ «የአንተ መኪና ይሻላል። ቀጣይ እሑድ አሸዋውን ድጋሚ።»