ፈተናውን ልድገም ወይስ ባለኝ ልሂድ?

ያለሁት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ይህቺን ጽሑፍ የምጽፈው በዲቪም ሆነ በትዳር እዚህ አገር መጥተው «ሕግ መማር እፈልጋለሁ፤ ግን በዚህ ውጤት ማን ይቀበለኛል? ልድገመው እንዴ?» እያሉ ለሚደውሉልኝ ልጆች ነው። አንድ በአንድ በስልክ ማስረዳት ሰለቸኝ፤ እውነቴን ነው! ደግሞ ነገሩ አዲስ አበባ ላላችሁትም እንግዳ አይሆንም። ማትሪክ ልድገም አልድገም ሲባል ያልተሟገተ ቤተሰብ የት ይገኛል?

መጀመሪያ የአገሩን ነገር ላስረዳ። እኛ ዘንድ ሕግ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተነስተው የሚገቡበት ትምህርት ነው። አሜሪካ ግን በፈለጉት ሙያ የአራት ዓመት ዲግሪ ከያዙ በኋላ ነው የሕግ ትምህርት ቤት ደጅ የሚጠናው። በቀን ሦስት ዓመት፣ በማታ አብዛኛውን ጊዜ አራት ዓመት ይፈጃል። ለመግባት ኤልሳት የሚባል ፈተና አለ። ትንሹ ውጤት 120፣ ትልቁ 180 ነው። (ዜሮ የለም። ምንም ሳትመልሱ ብትወጡ እንኳ 120 ይሰጧችኋል፤ እንዴት ያለ ደግ አገር ነው!) ፈተናው ሕግ አይጠይቅም። «ይህ ሰው የተናገረው ነገር የቱ ጋ ይፈርሳል?» ዓይነት ጥያቄ ነው፤ እንደ ሰፈራችን ሙግት ያለ፣ ግን በሰዓት። አራት ክፍል አለው፤ እያንዳንዱ 35 ደቂቃ። ሦስቱ ይታረማሉ፣ አንዱ ለሙከራ የገባ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ግን አይነገርም። ብዙ ሰው ያስለቅስ የነበረው «ሎጂክ ጌምስ» ከኦገስት 2024 ጀምሮ ቀርቷል።

እኔ ሴፕቴምበር 2024 ተፈተንኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ውጤቱ መጣ፤ 156።

አክስቴ ስትሰማ እልልታዋን አቀለጠችው። «ከመቶ መቶ ሃምሳ ስድስት! ምን ዓይነት ጭንቅላት ነው የሰጠሽ!» አለችኝ። እዚህ የተወለደው ልጇ ግን ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ከ170 በታች ከሆነ ባትሄጂ ይሻላል» አለ። 170 ማለት ከመቶ ተፈታኝ ዘጠና አምስቱን መብለጥ ማለት ነው፤ እሱ ግን እንደ ቀላል ነገር ነው የሚያወራው። ፓርኪንግ አብረን የምንሠራ፣ አገር ቤት ዐቃቤ ሕግ የነበሩ ጋሼ ደግሞ ሌላ ምክር አመጡ። «ተይው፤ ባለሽ ሂጂ። ደጋሚ አትባይ።» እሳቸው የአገር ቤት የሕግ ዲግሪ ስላላቸው ኤል.ኤል.ኤም. የሚባለውን የአንድ ዓመት ትምህርት ነው የሚያስቡት፤ ለእሱ ብዙውን ጊዜ ኤልሳት አይጠየቅም። የእኔ ዲግሪ ማኔጅመንት ስለሆነ ያ መንገድ ለእኔ ዝግ ነው።

«ደጋሚ» የሚለው ቃል ግን ሁለት ቀን እንቅልፍ ነሳኝ። በእኛ አገር ፈተና የደገመ ልጅ ከታናሹ ጋር አንድ ክፍል የተቀመጠ ያህል ነው የሚያፍረው። እዚህ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ትምህርት ቤቶቹ የተፈተናችሁትን ሁሉ ያያሉ፤ ነገር ግን ስለ ተማሪዎቻቸው ለአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር ሪፖርት የሚያደርጉት የእያንዳንዱን ከፍተኛ ውጤት ነው። ስለዚህ አብዛኞቹ ዓይናቸውን የሚጥሉት ከፍ ባለው ላይ ነው። ገደቡም ሰፊ ነው፤ ውጤት በሚቆጠርበት ዘመን ውስጥ አምስት ጊዜ፣ በዕድሜ ሙሉ ሰባት ጊዜ። ይህን ሳውቅ ኀፍረቱን ትቼ ወደ ሂሳቡ ገባሁ።

መጀመሪያ ያየሁት የልምምድ ደብተሬን ነው። ከፈተናው በፊት ሰዓት ይዤ የሠራኋቸው የመጨረሻዎቹ አምስት ሙሉ ልምምዶች 159፣ 161፣ 158፣ 162 እና 160 ነበሩ። አማካዩ 160 ይመጣል። ፈታኙ ድርጅት ራሱ አንድ ውጤት ወደ ሦስት ነጥብ ያህል ወደ ላይም ወደ ታችም ሊዋዥቅ እንደሚችል ይናገራል። የእኔ ግን ከአማካዬ አራት ዝቅ ብሏል። ስለዚህ 156 የዚያ ቀን ውጤቴ እንጂ የአቅሜ ልክ አይደለም አልኩ።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። አንዲት ጓደኛዬ 151 አመጣች፤ ልምምዷም 150 እና 151 ነበር። በወሩ ልትደግም ስትነሣ ለምን ብዬ ያዝኳት። ልምምዱ ሳይነሣ ፈተናው በምን ተአምር ይነሣል? በተረፈ አንዴ የሠራችሁትን የልምምድ ወረቀት ደግማችሁ ሠርታችሁ «165 ደረስኩ» አትበሉኝ፤ እሱ ትዝታ ነው።

ሁለተኛው ነገር ብዙ የሐበሻ ልጅ የማያውቀው ነው። አገር ቤት የያዝነው ዲግሪ እዚህ ሲመጣ ወደ አሜሪካ ጂፒኤ አይቀየርም። ገምጋሚዎቹ ትራንስክሪፕቱን አይተው «ከአማካይ በላይ» የመሰለ ቃል ይጽፉበታል፤ በቃ። ትምህርት ቤቱ በየዓመቱ በሚያወጣው የጂፒኤ አማካይ ውስጥ አይገባም። የአሜሪካ ልጅ ኤልሳቱ ዝቅ ቢል በ3.9 ሊካካስ ይችላል፤ እኔ ሌሊት ሙሉ በሻማ አጥንቼ ያመጣሁት ነጥብ ግን እንዲህ ያለ ጉልበት የለውም። ከቁጥር ወገን የሚናገርልኝ ያ ፈተና ብቻ ነበር።

ሦስተኛው ገንዘብ ነው፤ ዋናውም እሱ ነው። በጠበቆች ማኅበሩ የታወቀ ትምህርት ቤት ሁሉ በየዓመቱ ዲሴምበር 15 «509» የሚባል ሪፖርት ያወጣል። እዚያ ላይ የገቡት ተማሪዎች የመካከለኛ ውጤት፣ የታችኛው ሩብና የላይኛው ሩብ ተጽፏል። ስኮላርሺፕ ለስንት ሰው እንደተሰጠም አለ። ሁለት የማታ ትምህርት ቤቶች ይዤ ተቀመጥኩ። የአንዱ መካከለኛ 160፣ የሌላው 155። በ156 ሁለተኛው እንደሚቀበለኝ ግልጽ ነው፤ የመጀመሪያው ላይ ግን ከታችኛው ሩብ ጋር ነኝ። ታዲያ ለምን እደግማለሁ? ሁለተኛው ትምህርት ቤት በዓመት 42 ሺህ ዶላር ያስከፍላል፤ በአራት ዓመት 168 ሺህ። ስኮላርሺፕ የሚሰጡት ደግሞ መካከለኛቸውን ከፍ ለሚያደርግላቸው ሰው ነው። ስለዚህ መድገሙ የሚጠቅመኝ ለመግባት ሳይሆን ዕዳዬን ለመቀነስ ነበር። (በግሪን ካርድ የፌዴራል ብድር ማግኘት ይቻላል። ነገር ግን ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለሚገቡ አዲስ የሕግ ተማሪዎች በዓመት 50 ሺህ፣ በጠቅላላው 200 ሺህ ዶላር ላይ ተገድቧል። የቀረውን ከግል ባንክ ነው የምትለምኑት።)

ክርክሩ በሌላ በኩልም ነበር። ትምህርት ቤቶቹ ማመልከቻ የሚከፍቱት በሴፕቴምበር አካባቢ ነው፤ እየተቀበሉ ይሄዳሉ፣ ወንበሩም የስኮላርሺፑ ገንዘብም እየሳሳ ይመጣል። ለእኔ የሚመቸው ቀጣዩ ፈተና ጃኑዋሪ 2025 ነበር፤ ውጤቱ የሚደርሰው በወሩ መጨረሻ። ማመልከቻዬን ዲሴምበር ላይ አስገባሁና «የጃኑዋሪውን ውጤት ጠብቁልኝ» ብዬ ጻፍኩላቸው። የመፈተኛው ክፍያ ከ200 ዶላር በላይ ነው፤ ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ሰው ጠይቆ ነፃ ሊደረግለት ይችላል፤ ሳትጠይቁ እንዳትከፍሉ!

ከሁሉም የከበደኝ ግን ለእማዬ መደወሉ ነበር። ለማጥናት የቅዳሜና እሑድ ሺፍቴን መተው ነበረብኝ። በየወሩ የምልክላት 200 ዶላር ለሁለት ወር ግማሽ ይሆናል። እንዴት ብዬ እንደምጀምር ግራ ገብቶኝ ስለ አየሩ ሳወራት «ልጄ፣ ምን ሆነሻል? ንገሪኝ» አለች። ነገርኳት። ትንሽ ዝም ብላ «ዘይቱም ሽንኩርቱም ተወዷል። ግን ሁለት ወር ምን አላት? ቡና የሚጠጡትን ጎረቤቶች እቀንሳለሁ» አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ ሳቅም ለቅሶም ያዘኝ። ከዚያ በኋላ አንድም ቅዳሜ አልባከነችም።

ጥናቱንም ለወጥኩ። አዲስ ልምምድ መደርደሩን ቀንሼ የሳትኳቸውን ጥያቄዎች ብቻ በአማርኛ ለራሴ ማስረዳት ጀመርኩ። «ሰውዬው እንዲህ አለ፤ እንዲህ ስላለ ግን ያ አይከተልም» እያልኩ። በእንግሊዝኛ የገባኝ የሚመስለኝ ነገር በአማርኛ ለማስረዳት ስሞክር ባዶ ይሆናል። ሞክሩት፤ አይዋሽም።

ውጤቱ 159 ሆነ። የጠበቅኩት 160 ስለነበር አንድ ቀን ከፋኝ፤ አክስቴ ግን ሁለተኛ እልልታ አላጓደለችም። መካከለኛው 160 የሆነው ትምህርት ቤት በተጠባባቂ ዝርዝር ውስጥ አስገብቶኝ ቆየና በሰመር «አዝናለሁ» አለኝ። ሌላኛው ግን በዓመት 24 ሺህ ዶላር ስኮላርሺፕ ይዞ መጣ።

ደብዳቤውን ሳነብ ከታች አንዲት መስመር አየሁ። በየዓመቱ ከክፍሌ በላይኛው ሲሶ ውስጥ ካልሆንኩ ገንዘቡ ይቀራል! አስቡት፤ የመጀመሪያ ዓመት የሕግ ተማሪ ነጥብ በኮታ ነው የሚከፋፈለው። ሁሉም ጎበዝ ቢሆን እንኳ ከሦስት ሁለቱ ከላይኛው ሲሶ ውጭ መሆናቸው ግዴታ ነው። 509ኙን ገልብጬ አየሁ፤ እንዲህ ያለ ስኮላርሺፕ ይዘው ገብተው የተቀነሰባቸው ወይም የተነጠቁ ተማሪዎች ቁጥር እዚያው ቁጭ ብሏል። ሌላ ሦስተኛ ትምህርት ቤት ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ 15 ሺህ ሰጥቶኝ ስለነበር ደብዳቤውን አያይዤ በጨዋ ቋንቋ ጻፍኩላቸው። በሳምንቱ መልስ መጣ። 20 ሺህ በዓመት፣ ቅድመ ሁኔታው ደግሞ ትምህርቱን በመደበኛ ነጥብ መቀጠል ብቻ።

የአክስቴ ልጅ «በአራት ዓመት 16 ሺህ ዶላር ጣልሽ» ብሎ ተሟገተኝ። እኔ ግን ፈረምኩ። ኦገስት 2025 ጀመርኩ፤ ቀን ፓርኪንግ፣ ማታ ክፍል። የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤት ሲወጣ ከክፍሉ መሐል ላይ ነበርኩ፤ ከላይኛው ሲሶ አልደረስኩም። 20 ሺሁ ግን አልተነካም።