ማንቂያው ማንን ያነቃል?

ናይሮቢ ውስጥ ኪሊማኒ በሚባለው ሠፈር፣ ፎቆች ከግራና ከቀኝ እየተጫኗቸው ከቀሩት ጥቂት ባለ ጓሮ ቤቶች በአንደኛው፣ አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት ብቻቸውን ይኖራሉ። ከመግቢያው በር አጠገብ አነስተኛ የቁጥር ሰሌዳ፣ ከዕቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ደግሞ አንድ የቆርቆሮ ሣጥን ተሰቅሏል። የቤቱ ሰው ሁሉንም ባንድነት «ሣጥኑ» ይለዋል። «ሣጥኑን ዘጋችሁ?» የሚለው ጥያቄ ከሃያ ዓመት በላይ በዚያ ቤት የመኝታ ሰዓት ሰላምታ ሆኖ ኖሯል።

ሣጥኑ የተሰቀለው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ ኦገስት 7 ቀን 1998፣ የአሜሪካ ኤምባሲ በቦምብ ተመትቶ ስለነበር ከተማይቱ ገና ከድንጋጤዋ አልወጣችም። የሒሳብ ባለሙያ የነበሩት ባለቤታቸው ከአንድ የጥበቃ ድርጅት ጋር ተዋዋሉ። የውሉ ነገር ቀላል ነው፤ በየወሩ ገንዘብ ይከፈላል፤ ቤቱ ሲደፈር ሣጥኑ በስልክ መሥመርና በሬዲዮ ለድርጅቱ ይነግራል፤ ድርጅቱም ጠባቂዎች የጫነ መኪና ይልካል። በ2000 ድርቅ የግድቦቹን ውኃ አጉድሎ መብራት በፈረቃ በሆነበት ወራት እንኳ፣ ሣጥኑ በሆዱ በያዛት ባትሪ እየተነፈሰ ሌሊቱን ያነጋ ነበር። ቆይቶ የስልኩን መሥመር የመዳብ ሌቦች ከመንገድ ላይ ቆርጠው ወሰዱት። ሌባን ይጠቁማል የተባለው ሣጥን ግማሽ ምላሱን ለሌባ አስረከበ።

ባለቤታቸው በ2021 ዐረፉ። ጡረታው ከቤት ወጪና ከመድኃኒት አልተርፍ ሲል፣ ወይዘሮዋ በ2023 መጀመሪያ ላይ ውሉን አቋረጡ። የድርጅቱ ሠራተኞች መጥተው የራሳቸውን ሬዲዮ ፈቱ፤ ከአጥሩ በር ላይም የድርጅቱን ስም የያዘችውን ሰሌዳ ነቀሉ። ሽቦውን፣ ማግኔቱን፣ ሳይረኑንና ሣጥኑን ግን የቤቱ ንብረት ነውና ትተውት ሄዱ። የቁጥር ሰሌዳው ላይ አንዲት ቢጫ መብራት ቀረች። ወይዘሮዋ እስዋን እያዩ ሣጥኑ አሁንም ይጠብቃል ብለው ያምኑ ነበር። ኦገስት 25 ቀን 2023 መላው ኬንያ በጨለማ በተዋጠበት ሌሊት ግን ቢጫዋ መብራት ከአገሩ መብራት ጋር እኩል ጠፋች። ባትሪው ከሞተ ቆይቷል።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሁለት ቤት አልፎ ያለው ቤት ተዘረፈ። ወሬው ቶሮንቶ ለምትኖረው ልጃቸው ደረሰ።

«እማዬ፣ ቤቱን ሽጪው። ዘበኛ ያለው አፓርትማ ግቢ።»

«አባትሽ የተከላቸውን ዛፎች ለማን ትቼ?»

«ዛፎቹ አንቺን አይጠብቁሽም።»

ለዚህ መልስ አልነበራቸውም። እስከ ፋሲካ ጊዜ ስጪኝ አሏት። በማግሥቱም በቤተ ክርስቲያን የሚያውቁትን፣ ራዲዮና ቴሌቪዥን በመጠገን የሚተዳደር አንድ ኢትዮጵያዊ ወጣት አስጠሩ።

ወጣቱ የሣጥኑን ክዳን ሲከፍት መጀመሪያ ያየው ሽቦውን አልነበረም። ከክዳኑ ውስጠኛ ገጽ በተለጠፈች ወረቀት ላይ፣ ቀጥ ባለ የሒሳብ ሠራተኛ ጽሕፈት፣ እንዲህ ተጽፏል፤ «1 – የሳሎን በር። 2 – የወጥ ቤት በር። 3 – ኮሪደር። 4 – የእኛ መስኮት። 5 – የልጅቷ መስኮት።» ወይዘሮዋ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና ወደ ወጥ ቤት ገቡ። ሲመለሱ ቡና ይዘው ነበር፤ ስለ ወረቀቷ ምንም አላሉም።

ባትሪው አብጦ ጎኑ ተወጥሯል። 12 ቮልት ሊሰጥ የሚገባው፣ በመልቲሜትር ሲለካ 3 ቮልት እንኳ አልሞላም። እንዲህ ያለው የታሸገ የእርሳስ ባትሪ ዕድሜው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ነው፤ ይኸኛው የተለወጠው በ2016 መሆኑ በዚያው ጽሕፈት ተመዝግቦበታል። ወይዘሮዋ ወደ ቆሻሻው ሊጥሉት ሲያነሡ ወጣቱ ከለከላቸው።

«እትዬ፣ ይኼ እርሳስ ነው፤ ከቆሻሻ ጋር አይጣልም። የሞምባሳውን የኦዊኖ ኡሁሩን ሠፈር ሰምተው የለ? አሮጌ ባትሪ ከሚያቀልጥ ፋብሪካ በወጣ እርሳስ ስንት ልጅ ተመረዘ። በ2020 ፍርድ ቤት ካሣ እስኪፈርድላቸው ድረስ ስንት ዓመት ተሟገቱ። ወደሚረከቡት ሰዎች እኔ እወስደዋለሁ።»

ሁለተኛው እክል የምሥጢር ቁጥሩ ነበር። የቤቱ ሰው ሣጥኑን የሚዘጋበትና የሚከፍትበት ቁጥር አንድ ነው፤ የሣጥኑን አሠራር የሚለውጠው የገጣሚው ቁጥር ግን ሌላ ነው፤ እሱን ድርጅቱ ለማንም አልሰጠም። ሣጥኑን ወደ ፋብሪካ ሁኔታው መመለስ እንዳይቻልም አስቀድሞ ተቆልፏል። ወጣቱ ሁለት ቀን ታግሎ ተወው። ከዚያም ሉቱሊ ጎዳና ከሚገኙት የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች አንድ አዲስ ሰሌዳና አዲስ ባትሪ ገዝቶ መጣ። አንጎሉ ተለወጠ እንጂ ጅማቱ አልተለወጠም፤ በግድግዳው ውስጥ የተዘረጋው ሽቦ፣ በየበሩ ያለው ማግኔት፣ ከጣራው ሥር የተሰቀለው ሳይረን ሁሉም በቦታው ቀረ። ከድርጅት ጋር ውል የሌለው ሰው አሮጌ ማንቂያ ሲያስነሣ አብዛኛው ሀብት ያለው በግድግዳው ውስጥ ነው።

የበሩ ነገር እጅግ ቀላል ጥበብ ነው። በበሩ መዝጊያ ላይ ማግኔት፣ በመቃኑ ላይ ደግሞ ሁለት ቀጫጭን የብረት ምላሶች የታሸጉባት የብርጭቆ ቱቦ አለች። ዋልተር ኤልዉድ የተባለ የቤል ቤተ ሙከራ መሐንዲስ በ1936 የፈለሰፋት ናት። በሩ ሲዘጋ ማግኔቱ ምላሶቹን ያገናኛቸዋል፤ ሲከፈት ይለያያሉ፤ ኤሌክትሪኩም ይቋረጣል። የወጥ ቤቱ መሥመር ግን በሩ ተዘግቶም «ተከፍቷል» እያለ አስቸገረ። ወጣቱ ኮርኒስ ውስጥ ገብቶ ሲፈትሽ ሽቦውን አይጥ በልቶት አገኘ።

የከፋው ነገር የተገኘው በመጨረሻ ነው። በየመሥመሩ አንዲት ትንሽ ተከላካይ፣ ባለሙያዎች «ሬዚስተር» የሚሏት፣ መኖር አለባት። ቦታዋ ከመሥመሩ ጫፍ፣ ከበሩ አጠገብ ነው። ሣጥኑ በሽቦው ውስጥ ጥቂት ኤሌክትሪክ እየላከ የእስዋን ልክ ያነብባል። ልኩ ትክክል ከሆነ ደኅና ነው። ሽቦው ቢቆረጥም፣ ሁለቱ ሽቦዎች ቢነካኩም ልኩ ይዛባልና ሣጥኑ ይነቃል። የቀድሞዎቹ ገጣሚዎች ግን ድካም ለመቀነስ አምስቱንም ሬዚስተሮች እዚያው ሣጥኑ ውስጥ ከትተዋቸዋል። በዚህ አኳኋን አንድ ሰው ሁለቱን ሽቦዎች መንገድ ላይ ቢያገናኛቸው በሩ ወለል ብሎ ቢከፈት እንኳ ሣጥኑ «ደኅና ነው» እያለ ይተኛል።

«ስለዚህ ይኼን ሁሉ ዓመት?» አሉ ወይዘሮዋ።

«ይኼን ሁሉ ዓመት ደጁ ሰላም ስለነበረ ነው እንጂ፣ የሚያውቅበት ቢመጣ ይታለል ነበር።»

ሬዚስተሮቹን አንድ በአንድ ወደየጫፋቸው መለሳቸው። አምስተኛው ጋ ሲደርስ ቆም አለ። «እትዬ፣ በዚህኛው ክፍል አሁን የሚያድር የለም። መሥመሩን ልተወው?»

«አትተወው» አሉት። «መስኮቷ መስኮት ነው።»

በመጨረሻም ከሳይረኑ ጋር አብራ የምትነሣ፣ ሲም ካርድ የምትጎርስ አንዲት ትንሽ ደዋይ ጨመረበት። ሣጥኑ ሲነቃ እስዋ በተመዘገቡላት ቁጥሮች ላይ በየተራ ትደውላለች። የመጀመሪያው ቁጥር የቶሮንቶ ሆነ፤ ሁለተኛው የወጣቱ። ከዚያ በኋላ ወይዘሮዋ የሚያስመዘግቡት ቁጥር አጡ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተፈተነ። ሳይረኑ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ጮኸ። ውሾች መለሱለት። የጎረቤት ዘበኛ በአጥሩ ላይ አንገቱን ብቅ አድርጎ አየና ወደ ሻዩ ተመለሰ። ሌላ የመጣ ሰው አልነበረም። ወጣቱ ሳይረኑን ዘግቶ፣ «ይሠራል እትዬ» አለ በኩራት። ወይዘሮዋ ግን በረንዳው ላይ ተቀምጠው ዝም አሉ። ዘበኛውን ጠርተው ለምን እንዳልመጣ ሲጠይቁት አላፈረም። «እማማ፣ የድርጅቱ መኪና ይመጣል ብዬ ነው» አላቸው።

ይህን ቃል ያውቁት ነበር። ሁለት ቤት አልፎ ያለው ቤት በተዘረፈበት ሌሊት የዚያን ቤት ሳይረን ሰምተዋል። ተነሥተው መስኮት ድረስ ሄደዋል። «የድርጅታቸው መኪና ይመጣል» ብለው ተመልሰው ተኝተዋል። ለልጃቸውም ሆነ ለንስሓ አባታቸው ያልነገሩት ይህ ነበር።

በኤሌክትሪክ የሚሠራው የሌባ ማንቂያ ሲወለድ ከጀርባው ድርጅት አልነበረውም። ኦገስተስ ፖፕ የተባለው የማሳቹሴትስ ሰው በ1853 የፈጠራ መብት ያወጣበት መሣሪያ፣ በር ወይም መስኮት ሲከፈት ደወል የሚመታ ነበር፤ ተግባሩም የተኛውን ሰው መቀስቀስ ነው። ኤድዊን ሆልምስ መብቱን በ1857 ገዝቶ፣ ንግዱን ወደ ኒው ዮርክ ወስዶ፣ ኋላም የብዙ ደንበኞችን ሽቦ ከአንድ ማዕከል ጋር ሲያያይዘው ነው ንቃት በወር ክፍያ የሚገዛ ዕቃ የሆነው። የስሙም ነገር ይገርማል። የእንግሊዝኛው «አላርም» ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን ሥሩ «ወደ መሣሪያ!» የሚል ጥሪ ነው። አማርኛው ግን «ማንቂያ» ይለዋል፤ ከ«ነቃ»። አንደኛው ተዋጋ ይላል፤ ሌላው ተነሥ። ማን ይነሣ የሚለውን ግን ቃሉ አይመልስም።

በማግሥቱ ወይዘሮዋ ድፎ ዳቦ ደፉ። ቆርሰው፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ከሃያ ዓመት በላይ በአጥር በር ሰላምታ ብቻ ወደሚያውቋቸው ቤቶች ሄዱ። ኬንያ «ንዩምባ ኩሚ»፣ ማለትም «ዐሥር ቤት» የተባለውን የጎረቤት ጥበቃ ከታንዛኒያ ልማድ ወስዳ በ2013 በአገር ደረጃ ስታስተዋውቅ፣ ባለቤታቸው «እኛ ድርጅት አለን» ብለው ስብሰባውን ትተውት ነበር። ዕድርን ከአገራቸው ይዘው ያልመጡት ለዚሁ ሰበብ ሳይሆን አይቀርም፤ ገንዘብ ሲኖር ጎረቤት ትርፍ ነገር ይመስላል።

ጡረታ የወጡ ህንዳዊ መምህር ዳቦውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ስልክ ቁጥራቸውን ጻፉላቸው። ከተዘረፈው ቤት ሲደርሱ በሩን የከፈተችው በአርባዎቹ ዕድሜ የምትገኝ ኬንያዊት ነበረች። ወይዘሮዋ ቁጥር ከመጠየቃቸው በፊት፣ በተሰባበረ ስዋሂሊ፣ «ያን ሌሊት ሰምቼ ነበር፤ ድርጅትሽ ይመጣል ብዬ ተኛሁ» አሏት።

ሴትዮዋ ጥቂት ዝም ብላ፣ «ድርጅት አልነበረኝም» አለች። «እኔም ከፍዬ መቀጠል አቅቶኝ ትቼው ነበር።» ከዚያም እንዲገቡ በሩን ለቀቀችላቸው።

ኤፕሪል 2024 ናይሮቢን ጎርፍ ያጥለቀለቀበት ወር ነው። በአንዱ ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ በመብራት መቋረጥና በዝናቡ ጩኸት መካከል ሳይረኑ ተነሣ። የቁጥር ሰሌዳው «2» ይላል፤ የወጥ ቤት በር። ወይዘሮዋ ከአልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ የመኝታ ቤቱን በር ቆልፈው፣ ጸሎታቸውን ጀመሩ። ሳይጨርሱት ከውጭ ድምፅ ሰሙ፤ ስማቸውን ይጠራል። አጥሩ ጋ መጀመሪያ የደረሰችው ያች የተዘረፈችው ሴት ነበረች፤ በሌሊት ልብስዋ ላይ የዝናብ ካፖርት ደርባ። ከኋላዋ መምህሩ ባትሪና ጃንጥላ ይዘው፤ ከእርሳቸውም ኋላ ሻይ ጠጪው ዘበኛ ከነሩንጉው።

ሌባ አልነበረም። ያረጀው መቀርቀሪያ ለነፋሱ ተሸንፎ በሩ ተበርግዷል። ወይዘሮዋ ስለ ችግራቸው ደጋግመው ይቅርታ ጠየቁ፤ የሰማቸው የለም። ሦስቱም እግራቸውን ጠርገው ወጥ ቤት ገቡ። በዚያ ሰዓት ቡና ተጣደ።

ስልኩ ሲጮኽ ቶሮንቶ ገና ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነበር።

«እማዬ! ሣጥኑ ደወለልኝ። ምን ሆንሽ? ማን አለ አጠገብሽ?»

ወይዘሮዋ መልስ ከመስጠት ይልቅ ስልኩን ወደ ጠረጴዛው ዘረጉት። መምህሩ ስለ መቀርቀሪያው በእንግሊዝኛ ይከራከራሉ፤ ዘበኛው ስኳር ይጠይቃል፤ ሴትዮዋ ትስቃለች። ልጅቱ ጥቂት አዳመጠች።

«እነማን ናቸው?» አለች፤ ድምፅዋ ዝግ ብሎ።

«የሠፈር ሰዎች ናቸው» አሏት። «ቡናው እየገነፈለ ነው፤ ነገ እደውልልሻለሁ።»

ፋሲካ በሚቀጥለው ሳምንት ነበር። ስለ ቤቱ ሽያጭ ያነሣ ሰው አልነበረም። ወጣቱ መጥቶ መቀርቀሪያውን ለወጠ፤ ደዋይዋም ላይ ሦስት ቁጥሮች ጨመረ።