ያልተተኮሰችው ጥይት

አባትና ልጅ ሆነን ከአሜሪካ ታጂኪስታን ድረስ የሄድነው፣ የዋልያችን ዘመድ የሆነውን የፓሚር የተራራ ፍየል ለማደን ነበር። ያረፍንባት ሙርጋብ ከባሕር ጠለል በላይ 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች፣ ጥቂት እንደተራመድን ትንፋሽ ያጥረን ነበር።

ሱብሒ ሰግደን ተራራውን ወጣን። ረፋድ ላይ ቀንዱ የተቆለመመ አውራ ፍየል ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ አገኘነው። ልጅየው «ቢስሚላህ» ብሎ አነጣጠረ፤ ወዲያው ግን ጠመንጃውን ዝቅ አደረገ።

«አባዬ፣ ገደል ከገባ ማን ይበላዋል?»

ለፈቃዱ የከፈልነው ገንዘብ ትዝ ብሎን ዝም ተባባልን። ግን እውነቱን ነው። አደን ሐላል ነው፤ ሥጋውን ለአሞራ ትቶ ቀንዱን ለግድግዳ ማሰብ ግን ሌላ ነገር ነው።

ባዶ እጃችንን ተመለስን። ያቺን ጠዋት ስናነሳ እስካሁን አንዳችንም አልቆጨንም፤ አልሐምዱሊላህ።